ጠያቂውን ትውልድ ማስተማር፦ ከመርጡለ ማርያም የተነሣ ሂስ

ስለ ድኅረ ዘመናዊነት የምንሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከሊዮታር (1979 እ.ኤ.አ.) ይነሣና ወጣቱን ‹‹ታላቁን ትረካ የሚጠራጠር›› ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ለመርጡለ ማርያም አይበቃም። የዚህ አገር ወጣት ስልክ በእጁ ቢይዝም ያደገው የደብሩን ደወል እየሰማ ነው፤ ጥያቄው ‹‹እውነት አለ ወይ?›› ሳይሆን ‹‹ማንን ልመን?›› ነው። እኛ ግን ክፍት ቦታ እንዲሞላ እንጂ እንዲጠይቅ አናስተምረውም። የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪ የሌላውን ደግሞ አያልፍም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማልም። ዘዳግም 6፥20 ልጅ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያውቃል፤ አባትም የማዳኑን ታሪክ በመተረክ እንዲመልስ ያዝዛል። እንግዲህ ትረካውን አናሳጥር፤ ወጣቱ በራሱ አንደበት ይናገረው፤ እኛም ታግሠን እናርመው።