በታይምላይን ላይ ያለው ባዶ ቦታ

ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ሶፍትዌሩን ሲከፍት የሚያገኘው ታይምላይን እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ ነው። ምስሉ ከላይ፣ ድምፁ ከታች ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ ክሊፕ እንደ ርዝመቱ መጠን አንድ ሳጥን ይይዛል። ከሩሲያዊው ሌቭ ኩለሾቭ ወዲህ የኤዲቲንግ ሂስ ይበልጡን የተጠመደው በሳጥኖቹ ነው፦ የትኛው ምስል ከየትኛው ቢቀጠል ምን ትርጉም ይወለዳል? በሳጥኖቹ መካከል ስለሚቀረው ባዶ ቦታ ግን እምብዛም አይነሳም።

ባዶው ቦታ የጠብ ምክንያት የሆነበት ጊዜ ግን አለ። አፕል እ.ኤ.አ. ጁን 2011 ፋይናል ከት ፕሮ ቴንን ለገበያ ሲያቀርብ በርካታ ኤዲተሮች ተቆጡ። ቁጣቸው መሠረት ነበረው፤ አዲሱ ሶፍትዌር በቀድሞው ፋይናል ከት የተሠሩ ፕሮጀክቶችን አይከፍትም፣ በብዙ ካሜራ የተቀረጸን ትዕይንት ማቀናበሪያም አልነበረውም። ይኸኛው ጉድለት በጃንዋሪ 2012 ተሟላ። ሳይመለስ የቀረው ክሊፖች በየመስመሩ የሚደረደሩባቸው የትራኮቹ ነገር ነው። በአዲሱ አሠራር ክሊፖቹ በአንድ ዋና መስመር ላይ እንደ ማግኔት ይሳሳባሉ፤ ከመሃል አንዱ ሲሰረዝ የቀኙ ተስቦ ከግራው ይጋጠማል። ባዶ ቦታ የፈለገ ሰው «ጋፕ» የሚባል ክሊፕ አምጥቶ፣ ርዝመቱን ወስኖ ማስቀመጥ አለበት።

የሚገርመው፣ ሥራውን የመራው ራንዲ ዩቢሎስ ነው፤ ቀደም ሲል የአዶቢን ፕሪሚየርንም የመጀመሪያውን ፋይናል ከትንም የፈጠረ ሰው። ቤቱን ያፈረሰው ያው የሠራው አናጢ ነበር።

ተቃዋሚዎቹ ማግኔቱ የኤዲተሩን ነፃነት ቀማ አሉ። ወደ ሴሉሎይዱ ዘመን መለስ ብሎ ለሚያይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሞቪዮላ በተባለው የፊልም ማቀናበሪያ መሣሪያ ላይ ይሠራ የነበረ ኤዲተር ከመሃል አንድ ቁራጭ ሲያወጣ የቀሩትን ጫፎች በማጣበቂያ ያያይዛቸዋል እንጂ ፊልሙ አየር ላይ ተንሳፍፎ አይቆይለትም። ጥቁር ስክሪን ካሻው ጥቁር ፊልም ቆርጦ መቀጠል ነበረበት። በሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ አንድ ጫማ ደግሞ 16 ፍሬም ነው፤ ስለዚህ የአሥር ሰከንድ ጨለማ 15 ጫማ፣ ማለትም ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ፊልም ይፈጃል። ዝምታ በእጅ የሚለካ፣ በመቀስ የሚቆረጥ ዕቃ ነበር። ባዶነትን በነፃ ያደለው የትራኩ ታይምላይን ነው፤ «ጋፕ» ያንን ጥቁር ቁራጭ ፊልም በሌላ ስም መልሶ አመጣው።

በነፃ የተገኘው ባዶነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የስህተት ልጅ ነው። በሁለት ክሊፖች መካከል አንድ ፍሬም ክፍት ከቀረ ስክሪኑ ለቅጽበት ጥቁር ብልጭ ይላል፤ በዚህ ያልተቀጣ ኤዲተር ማግኘት ይከብዳል። ማግኔቱ ይህን ጣጣ ማስቀረቱ መካድ የለበትም።

ታስቦበት የገባ ባዶነት ሌላ ነው። ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1964 በሠራው «ባንድ አ ፓርት» ፊልም ሦስቱ ገጸ ባሕርያት ካፌ ውስጥ ተቀምጠው የአንድ ደቂቃ ዝምታ ለማድረግ ይስማማሉ። ጎዳር እነሱን ዝም በማሰኘት ብቻ አላበቃም፤ የካፌውን ጫጫታ ጨምሮ ድምፁን ሁሉ ከፊልሙ አወጣው። «ደቂቃዋ» የቆየችው 36 ሰከንድ ያህል ብቻ ቢሆንም ለተመልካች ከደቂቃ ትረዝማለች። ምስሉ እየሄደ የድምፁ መስመር ብቻ ባዶ ሆኗል፤ የትዕይንቱም ኃይል ከዚያ ባዶ መስመር የመጣ ነው።

እንግዲህ የማግኔቱ ጥፋት ባዶነትን መከልከሉ አይደለም፤ አልከለከለምም። ችግሩ ኤዲተሩ ሳያስብ የሚያደርገውን ነገር አስቀድሞ መወሰኑ ላይ ነው። በትራክ የሚሠራ ሰው ክሊፕ ሲሰርዝ ጉድጓዱ ከፊቱ ይቀራል፤ ልዝጋው ወይስ ልተወው ብሎ ለመወሰን ይገደዳል። በማግኔቱ ግን ጥያቄው ሳይነሳ መልሱ ይሰጣል፤ የሁለት ሰዎች ንግግር መሃል የነበረችው የትንፋሽ ቦታም ሳትታይ ትጠፋለች። ፍጥነት ለሚፈልግ የዜና ክፍል ይህ በረከት ነው። ለድራማ ኤዲተር ግን ኪሳራ ነው።

ልዩነቱ እስከ ኪቦርዱ ይወርዳል። በትራክ በሚሠራው የዊንዶውስ ፕሪሚየር ሺፍት እና ዲሊት አብረው ሲጫኑ ክሊፑ ተሰርዞ ክፍተቱ ይዘጋል። በፋይናል ከት ፕሮ ግን በእነዚሁ ሁለት ቁልፎች ክሊፑ ሲሰረዝ ክፍተቱ በቦታው ይቀራል።