«ተገለበጠ» ማለት ብቻውን አይበቃም

እስቲ በጥር ወር ጎባ ላይ እንዳላችሁ አስቡ። ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ጋብ ብሎ አድሯል። ጠዋት ስትወጡ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ጥቂት ወደ ተዳፋቱ ስትወጡ ግን ብርዱ ቀለል ይላችኋል። የምድጃው ጭስም ትንሽ ከፍ ይልና ጣሪያ እንደነካ ሁሉ ወደ ጎን ይዘረጋል።

እንዴ! «ከፍ ባልን ቁጥር ይበርዳል» አይደል የተማርነው? በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ በኩል 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ የወጣ ሰው ይህን በጣቶቹ ያውቀዋል። ሌሊት ግን መሬት ሙቀቷን ወደ ጠራው ሰማይ ትለቃለች፤ እሷን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውሃም ወደ ዝቅታው ይፈስሳል። ሜትሮሎጂ ይህን «ኢንቨርዥን» ይለዋል፤ ግልበጣ እንደ ማለት ነው።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ቃሉን «ከተለመደው ውጭ መሆን» ብለን እናልፈዋለን። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ውስጥ ስናገኘውም ያው ነገር ይመስለናል። አይደለም።

ማርን ውሰዱ። ንብ ከአበባ በቀሰመችው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ሱክሮስ በኢንዛይም ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ትከፍለዋለች። ኬሚስቶች ይህንንም ኢንቨርዥን ይሉታል። ግን ስኳሩ ተሰነጠቀ እንጂ አልተገለበጠም! የተገለበጠው ሌላ ነው፦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን በሱክሮስ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ከተከፈለ በኋላ ግን ወደ ግራ።

ባዮሎጂ ውስጥ ደግሞ በእርግጥም የሚገለበጥ አካል አለ። የክሮሞሶም ቁራጭ ይቆረጥና ዞሮ ይቀጠላል። ዘረመሎቹ አሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ነው የተገላበጠው። ይህ ሁሌ ጉዳት ነው? አይደለም። በኬንያ ተራሮች ላይ የሚኖሩ የደጋ ንቦች ከቆላ ዘመዶቻቸው በእንዲህ ዓይነት ግልበጣ እንደሚለዩ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የተገለበጠው ክፍል ካልተገለበጠው ጋር በቀላሉ ስለማይቀላቀል፣ ለደጋ የሚስማሙ ዘረመሎች ሳይበታተኑ አብረው ይወረሳሉ።

ታዲያ ቃሉን እንጣለው? እኔ አልልም። ሦስት ጥያቄ እንጨምርበት፦ ምን ተገለበጠ? ከምን አንጻር? ምንስ ሳይለወጥ ቀረ?

አሁን ወደ ጎባ እንመለስ። የተገለበጠው የሙቀቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ከቀኑ አንጻር። ያልተለወጠው ደግሞ የተፈጥሮ ሕጉ፦ ቀዝቃዛ አየር ምንጊዜም ይከብዳል። በጠራና ነፋስ በሌለበት የበጋ ሌሊት ይህ የሚጠበቅ እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ዝቅ ያለ ቦታ ይሞቃል» የሚለውን ብቻ የሸመደደ ልጅ ድንቹን ጎድጓዳው ቦታ ላይ ይተክልና በአንድ ሌሊት በውርጭ ያጣዋል። ከሱ ይልቅ ውርጭ የት እንደሚተኛ ከልጅነቱ እያየ ያደገው ገበሬ ኢንቨርዥንን በደንብ ያውቀዋል፤ ስሙን ባይሰማውም።