የአግዳሚ ሆድና ጀርባ

ወፍራም ላጲስ ውሰዱና ጎኑ ላይ እኩል የተራራቁ ቋሚ መስመሮች አስምሩ። ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ሆዱ ወደ ታች እንዲወጣ አጉብጡት። መስመሮቹ ከላይ ይቀራረባሉ፤ ከታች ይራራቃሉ። ወገቡ ላይ ርቀታቸው እንደነበረ ነው። ጀርባው ተጨምቋል፣ ሆዱ ተስቧል፤ መካከል ያለውን ስስ ንጣፍ ግን ሁለቱም አልነኩትም። መሐንዲሶች ገለልተኛ ይሉታል። ደግሞ ልብ በሉ፤ መስመሮቹ ዘመሙ እንጂ አልጎበጡም። ስሌቱ የተገነባው በዚህች ላይ ነው። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ከዘመመ፣ ከገለልተኛው በእጥፍ የራቀው ክር በእጥፍ ይሳባል።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ንጣፍ አላገኘውም። ግድግዳ ላይ የተሰካ ግንድ በታችኛው ጠርዙ ይታጠፋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይሳባል ብሎ አሰላ። ጥንካሬውን ሦስት እጥፍ አበዛው። ምጥጥኑን ግን አልሳተም፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። ኩሎም በ1773 ባቀረበው ጥናት ንጣፉን አገኘው፤ ናቪየ በ1826 ለመሐንዲሶች በሚመች መልክ አሰፈረው።

5 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ከማስተኛት በጠርዙ ብታቆሙት አራት እጥፍ ይሸከማል፤ ጉብጠቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። እንጨቱ ያው ነው።

ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል። ሲሳብ ግን አቅሙ የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ፌሮ በኮንክሪት አግዳሚ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ፌሮ ሠሪው፣ ፌራዮው፣ ባለ 16 ሚሊ ሜትሩን ከታች ያነጥፋል፣ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ስታፋ በሽቦ ያስራል። ኮለን አጠገብ ስታፋዎቹን ያቀራርባል፤ እዚያ የሚያሰጋው በሰያፍ መሰንጠቅ ነው።

በረንዳ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በአንድ ጎኑ ብቻ የተያዘ ሶሌታ ሲጫኑት ጫፉ ይወርዳል፤ የሚሳበው ጀርባው ነው። ፌሮውም ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ፌራዮን የምመዝነው እዚህ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው በረንዳ ፌሮው ከታችኛው ገጽ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አርማታ ሲሞላ አንዱ ረግጦት 3 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ በረንዳው የአቅሙን ሩብ ያህል ያጣል። ጥንቁቅ ፌራዮ ከቁራጭ ፌሮ እግር ያላቸው ድጋፎች አጥፎ ከሥሩ ያቆማል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ድጋፎቹ አይታዩም።