«ዕድሜ ጠግበዋል»?

«ዕድሜ ጠግበዋል» የምትል አነጋገር አለችን። ለቅሶ ቤት ደህና ቃል ናት። ወልደው ከብደው፣ የልጅ ልጅ አይተው ላለፉ ሰው ቤተሰብ ማጽናኛ ትሆናለች። ችግሩ ይህቺው ቃል አሁን አሁን ከለቅሶ ቤት ወጥታ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ መታየት መጀመሯ ነው። ሰውዬው ገና በሕይወት አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። እኛ ግን ከኋላቸው ቆመን «እሳቸውማ ዕድሜ ጠግበዋል» እንላለን። ለመሆኑ ጥጋባቸውን ማን ለካው?

አሶሳ ላይ የዚህችን ቃል እህት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአንድ የጤና ተቋም ኮሪደር ላይ፣ ዓይናቸው የከዳቸው አንድ አባት ወጣቱን ባለሙያ «ልጄ፣ ምን አገኘህብኝ?» ይሉታል። «አባባ፣ እርጅና ነው» ብሎ ሸኛቸው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በአክብሮት ነው የተናገረው። ነገር ግን እርጅና የበሽታ ስም አይደለም። የደም ግፊት የበሽታ ስም ነው፤ ስኳርም፣ የዓይን ሞራም እንደዚሁ። «እርጅና ነው» ማለት ብዙ ጊዜ «አልመረመርኩም» ማለት ነው።

እስቲ እነዚህ አዛውንት እነማን እንደሆኑ እንይ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቤርታው፣ የጉሙዙ፣ የሽናሻው፣ የማኦውና የኮሞው ሽማግሌዎች አሉ። ከእነሱ ጎን ደግሞ በ1977ቱ ድርቅ ሰበብ ከወሎ በሰፈራ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የከተሙ አሉ። ያኔ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ሰባውን አልፏል። ዘመድ አዝማዱን ወሎ ትቶ የመጣ ሰው ሲያረጅ የሚደገፈው በወለዳቸው ልጆች ነው። እነሱንም ኑሮ በየፊናው በትኗቸው ይሆናል።

«ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» የሚለውን ጥያቄ አልንቅም። ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በወለጋ በኩል ያለው መንገድ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ሲዘጋ ከርሟል። አውሮፕላኑ ደግሞ ላለው ነው። ማንጎ ሸጦ፣ ወርቅ አጥቦ የሚያድር ቤተሰብ እናቱን ጥቁር አንበሳ ለማድረስ ፍየሉንም ላሙንም ማውጣት ሊኖርበት ነው። የልጅ ደብተር ይገዛ ወይስ የአያት መድኃኒት? ይህ በየጎጆው የሚነሳ የጭንቅ ጥያቄ ነው።

ሀብታሞቹም ተከራክረውበታል። ዳንኤል ካላሃን የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የተፈጥሮ ዕድሜውን ከኖረ በኋላ የሕዝብ ገንዘብ ሕይወቱን ለማራዘም መዋል የለበትም ብሎ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እሱ እንኳ ስቃይን ማስታገስ ይቅር አላለም። የእሱ ሙግት ዕድሜ ስለሚቀጥለው ውድ ሕክምና ነበር። የእኛ ሽማግሌዎች የሚለምኑት ግን እሱን አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። የግፊት ክኒን ሳያቋርጡ መውሰድም ብዙውን ሰው ሽባ ከሚያደርገው ስትሮክ ይጠብቃል። እኛ የምናደርገው ውዱን ሕክምና እየጠቀስን ርካሹን መከልከል ነው። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡም ቢሆን አያዋጣም። ዓይናቸው የጠፋ አያት በትራቸውን ይዞ የሚመራቸው ልጅ ይፈልጋሉ። እሳቸውን ሲመራ የሚውል ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል። ታዲያ «ለልጁ ወይስ ለአያቱ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል? የአያትየው ዓይን ሲበራ ልጁም ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

መንግሥትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አረጋውያንን መንከባከብን ከግዴታዎቹ ቆጥሮታል፤ «አቅም በፈቀደ» የምትል ገደብ አክሎ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ ጡረተኛውንም አቅፎ ነበር፤ ከዚያ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ተከትሎ የወጣው ደንብ መድኑ የማይሸፍናቸውን ሲዘረዝር መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የዳሌ መገጣጠሚያ መተካት አሉበት። ሳነበው አንድ ሽማግሌ ከራሳቸው እስከ ዳሌያቸው ተስለው የታዩኝ መሰለኝ። ጡረታ ለሌለው ገበሬ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አልነበረበትም፤ የደረሰው ቆይቶ ነው።

ግን መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ባልፍ ማምለጥ ይሆንብኛል። እድራችንን እንይ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ገንዘቡ ከሣጥን ይወጣል። በተዝካሩና በሰደቃው ደግሞ የቻለ በሬ ይጥላል፣ ያልቻለ ይበደራል። ያው ሟች ከሦስት ወር በፊት የግፊት ክኒናቸው አልቆ «ለጊዜው ይታገሱ» ተብለው ነበር። ቀብርን በማኅበር፣ ሕመምን ለብቻ ማን አስተማረን? እድር ከሣጥኑ ጥቂት ቀንሶ የአረጋውያን አባላቱን የጤና መድን መዋጮ ቢከፍል ምን ይጎድልበታል? አባሉ ሰንብቶ መዋጮውን ቢከፍል ለሣጥኑም ይሻላል።

የመጨረሻዋ ላም ተሸጣ፣ ተስፋ ለሌለው ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ ይኬድ አልልም። አንዳንዱ ሕመም ከሐኪም አቅም በላይ ነው፤ ያኔ ሕመም ማስታገሻውና ከልጅ ልጅ ጋር መሰንበቱ ይበልጣል። ግን ይህንን ማን ይወስን? እኛ ጓዳ ገብተን በሹክሹክታ እንመክራለን፣ ባለቤቱ ሳሎን ተቀምጠው የሚወሰንባቸውን ይጠብቃሉ። ትናንት የሰፈር ጠብ ሲያስታርቁ የነበሩ ሽማግሌ በገዛ ገላቸው ጉዳይ ድምፅ አጡ ማለት ነው።

መጀመሪያ ይመርመሩ። ርካሹ ሕክምና ያለ ክርክር ይሰጣቸው። ውዱ ሲመጣ ዋጋውም ተስፋውም ተነግሯቸው ራሳቸው ይጠየቁ። «ጠገብኩ» የማለት መብት የባለዕድሜው ነው።