ፊቱን ለልጁ፣ ጀርባውን ለእኛ

ሪቻርድ ክሌመንስ እ.ኤ.አ. በ2012 በ83 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የሞቱ ዜና ከማሳቹሴትስ ርቆ የተሰማው በአንድ ሥዕል ምክንያት ነው። የስቶክብሪጅ ጎረቤቱ ሠዓሊ ኖርማን ሮክዌል በ1958 ለሠራው «ኮብላዩ» ሞዴል ሆኖ የተቀመጠው ይህ የክፍለ ግዛት ፖሊስ ነበር። ሥዕሉ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በ«ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ባንኮኒ ፊት ፖሊሱና ከቤቱ የኮበለለ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከልጁ እግር ሥር በእንጨት ጫፍ የተቋጠረ ቀይ ጨርቅ አለ፤ ስንቁም ጓዙም እሱው ነው። ከባንኮኒው ማዶ ያለው ሰው ተደግፎ ያያቸዋል። ሁለቱም ለእኛ የሰጡን ጀርባቸውን ነው፤ የሥዕሉ ኃይል ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰፊው ትከሻ፣ የመሣሪያው ቀበቶ፣ ረጅሙ ቦት ጫማ፣ ሕፃን ሊያስፈራ የሚችለው ሁሉ ወደ ተመልካቹ ዞሯል። ልጁ የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው። ርኅራኄውን የምናውቀው ፖሊሱ ወደ ልጁ ዘንበል ከማለቱ ነው፤ ይህን ዘንበል ማለት ደግሞ በአካሉ የሰጠው ክሌመንስ ነው።

ሮክዌል በፎቶግራፍ ላይ ተመሥርቶ ይሥል ስለነበር ምን እንደለወጠ ማየት ይቻላል። ፎቶዎቹ የተነሡት ሃዋርድ ጆንሰን በተባለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት ነው። ሠዓሊው ልጁ ከከተማ ርቆ የተጓዘ እንዲመስል ስለፈለገ የድርጅቱን ምልክቶች አጥፍቶ ቤቱን የገጠር አስመሰለው። ወጣቱን አስተናጋጅም በዕድሜ በገፋ ሰው ተካው። ፖሊሱንና ልጁን ግን አልለወጣቸውም።

ሥዕሉን የደጉ ዘመን ናፍቆት ብቻ አድርገው የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ሮክዌል በ1964 ለ«ሉክ» መጽሔት ከሠራው ሥዕል አጠገብ ሳላስቀምጠው ላየው አልችልም። በዚያኛው ሥዕል ጥቁሯ ሕፃን ሩቢ ብሪጅስ በ1960 በኒው ኦርሊንስ ወደ ነጮች ትምህርት ቤት ስትሄድ አራት የፌዴራል መንግሥት ጠባቂዎች አጅበዋታል። ጠባቂዎቹ ከትከሻቸው በላይ አይታዩም። እዚህም ሕግና ሕፃን አብረው አሉ፤ ዘንበል ብሎ የሚያነጋግራት ፊት ግን የለም። ጥበቃው እውነተኛ ነው፤ ብቸኝነቷም እንዲሁ። የፖሊስን ፊት በቅርበት ማየት በዚያች አገር ለሕፃናት ሁሉ እኩል ያልደረሰ ነገር ነበር፤ ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ላይ ሲታዩ ይህን በግልጽ ይናገራሉ።

ይህን ማለት የክሌመንስን ድርሻ አያሳንሰውም። የአገሩን ሕግ ሁሉ እንዲወክል የተጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የተጠየቀው ከአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጎን እንዲቀመጥ ነው፤ እሱም ተቀመጠ። ሥዕሉ በተሰቀለበትና በታተመበት ሁሉ ከሮክዌል ስም ቀጥሎ የእሱም ስም ሊጻፍ ይገባል።