ሳይቀደድ መነሣትና መፈወስ

ሙቀት ሲለዋወጥ ጠባዩን ስለሚለውጠው የሕዋስ ማሳደጊያ ገጽ የተጻፈውን ምስጋና ስናነብ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ተቀላቅለው አገኘን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለይተን ልንመረምራቸው እንወዳለን።

አስቀድመን ለሥራው የሚገባውን ክብር እንስጥ። በሳህን ላይ ያደጉ ሕዋሳት የሚነሡት በተለመደው መንገድ ትሪፕሲን በሚባል ፕሮቲን ቈራጭ ኤንዛይም ነው። ይህም ሕዋሳቱን ከሳህኑ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይለያያቸዋል፤ በገጻቸው ያሉትንም ፕሮቲኖች ይጐዳል። በ1990 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ቴሩኦ ኦካኖና ባልደረቦቻቸው ያስታወቁት ዘዴ ግን ኤንዛይም አያሻውም። ሳህኑ ፖሊ ኤን አይሶፕሮፒል አክሪላማይድ በተባለ ፖሊመር እጅግ ሳስቶ ይለበጣል። ፖሊመሩ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ውሃን ስለሚሸሽ ሕዋሳቱ በ37 ዲግሪ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሕዋሳቱም እንደ ተያያዙ እንደ ስስ ጨርቅ ይነሣሉ።

በ2004 ኮጂ ኒሺዳና ባልደረቦቻቸው ከ4 ሕሙማን ከገዛ አፋቸው ውስጥ በተወሰዱ ሕዋሳት እንዲህ ያለ ስስ ሽፋን አሳድገው፣ ያለ ስፌት በዓይናቸው ላይ አኑረው፣ የማየት ችሎታቸው መሻሻሉን ገለጡ።

ይህን ያነበበ ሰው ለልብም ያው ይሆናል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም፤ ነቀፌታችንም የሚጀምረው ከዚህ ግምት ነው። ከሕመምተኛው የጭን ጡንቻ የሚሠራው ሃርትሺት በ2015 በጃፓን በቅድመ ሁኔታና በጊዜ ገደብ ተፈቀደ። የተመሠረተበትም ሙከራ 7 ሕሙማንን ብቻ የያዘ፣ ማነጻጸሪያ ወገንም የሌለው ነበር። በ2024 ግን የአገሩ ጤና ሚኒስቴር አማካሪ ጉባኤ ጠቃሚነቱ ስላልተረጋገጠ ሙሉ ፈቃድ አይገባውም ብሎ ወሰነ።

ጥፋቱ የገጹ አይደለም። በዓይን የጐደለው ስስ ሽፋን ነውና፣ የተነሣው ሽፋን የጐደለውን ራሱን ይተካል። በልብ ላይ የተለጠፈው የጭን ጡንቻ ሕዋስ ግን ከልብ ጋር አብሮ አይመታም፤ ተስፋው በሚያመነጨው ንጥረ ነገር የታመመውን ልብ እንዲረዳ ብቻ ነው።

እንጀራ ሳይቀደድ መነሣቱ ምጣዱ በሚገባ መታሰሱን ይመሰክራል እንጂ ጣዕሙን አይመሰክርም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ስናነብ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ሕዋሳቱ ሳይጐዱ ተነሡን? ሕመምተኛውስ ከማን ጋር ተነጻጽሮ ተሻለው? የፊተኛውን መልስ ለኋለኛው ማዋል የኬሚስቱን ድካም አያስከብርም፤ የታመመውንም ሰው ያታልላል።