ለሦስት ተይዞ አንዷ የገባችበት ኦክስፎርድ

በጥቅምት 1914 (ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኦክስፎርድ ሦስት ወጣቶችን ይጠብቅ ነበር። ኤድዋርድ ብሪተን በኒው ኮሌጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው ሮላንድ ሌይተን በመርተን፣ የኤድዋርድ እህት ቬራ ደግሞ በሴቶቹ ኮሌጅ በሶመርቪል ቦታ አግኝተዋል። ነሐሴ ላይ ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ወንዶቹ መኮንን ለመሆን ተመዘገቡ፤ ሻንጣዋን ይዛ ኦክስፎርድ የደረሰችው ቬራ ብቻ ሆነች። የወረቀት ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት አባቷ ደግሞ «ለሴት ልጅ ይህ ሁሉ ትምህርት ምን ያደርግላታል?» በሚል ሐሳብ ሲያንገራግሩ የቆዩ ሰው ናቸው። ማንም ሳይከለክላቸው ቦታ ያገኙት ቀሩ፤ ተሟግታ ያገኘችው ገባች።

አለን ቢሾፕና ማርክ ቦስትሪጅ አሰናድተው በ1998 ያሳተሙት «ከጠፋው ትውልድ የመጡ ደብዳቤዎች» የቬራንና የኤድዋርድን፣ የሮላንድን፣ እንዲሁም የሁለት ወዳጆቻቸውን የቪክተር ሪቻርድሰንንና የጄፍሪ ተርሎን ደብዳቤዎች ይዟል። አራቱም ወንዶች ሞተዋል። መጽሐፉም አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው እንደ ፍቅርና ሞት ታሪክ ነው። እኔን ግን ደጋግሞ የመለሰኝ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ አንዷ ከቤተ መጻሕፍት፣ ሌሎቹ ከጦር ካምፕና ከምሽግ የሚጻጻፉበት።

በዚያ ዓመት ቬራ ለፈተና ስትል ከግሪክ ቋንቋ ጋር ትታገላለች። ሮላንድ በግሪክና በላቲን ሽልማት ሲሰበስብ የኖረ፣ መርተንም የተቀበለው በዚሁ ዕውቀቱ ነው። እሱ በጦር ካምፕ ሲሠለጥን፣ እሷ እሱ ሊማረው የነበረውን ቋንቋ ከፊደሉ ትጀምራለች። አዘጋጆቹ ይህን ጠቁመው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። በየደብዳቤው የሚነሳው የቬራ ጥያቄም ከዚሁ ይወለዳል፦ እነሱ እዚያ እያሉ እኔ እዚህ ሰዋስው ላይ ማጎንበሴ ምን ይሉታል? ጥያቄው መጀመሪያ ከኀፍረት ይመጣል፤ ቆይቶ ቁርጥ ሐሳብ ይሆናል። በ1915 ክረምት ትምህርቷን አቋርጣ በባክስተን ዴቨንሻየር ሆስፒታል የበጎ ፈቃድ ነርስ ሆነች። ኮሌጇም ቢሆን እንደ ነበረ አልቆየም፤ መንግሥት ሕንጻውን ለቁስለኛ መኮንኖች ሆስፒታል ወስዶት፣ ሴቶቹ ተማሪዎች ወደ ኦሪየል ኮሌጅ ግቢ ተዛወሩ። ከወንዶቹ የሚለያቸው ግንብ ተሠራላቸው። (በ1919 የኦሪየል ወንዶች ግንቡን በሌሊት ሰብረው ቀዳዳ ከፈቱበት፤ ርእሰ ኮሌጇ ኤሚሊ ፔንሮዝ ቀዳዳውን ሲጠብቁ አደሩ።)

የሮላንድ ደብዳቤዎች በመጽሐፉ ውስጥ ምርጦቹ ናቸው፤ ሲበዛ የተዋቡ ስለሆኑም አልፎ አልፎ ይሰለቻሉ። በሚያዝያ 1915 ግንባር ካለው ከፕሉግስተርት ጫካ አበባ ቀጥፎ ለቬራ የሚልከው ሮላንድ ትንሽ ትያትር አያጣውም። መጸው ላይ፣ ሰውነቱ እየሻከረ እንደ ዱር ሰው መሆኑን ሲጽፍላት ግን ጌጡ ይረግፋል። እሷም ተቆጥታ ትመልሳለች፤ ቁጣዋ ከማናቸውም የናፍቆት ቃል ይልቅ ይታመናል።

በእኛ አገር ደብዳቤ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ወግ ነበር። የብሪታንያ ጦር ይህን ወግ በማተሚያ ቤት አሠርቶታል፤ «ደህና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የታተሙበት ካርድ ይታደል ነበር፤ ወታደሩ የማይመለከተውን ይሰርዝና ፈርሞ ይልክ ነበር። ሌላ ቃል ከጨመረ ካርዱ ይወገድ ነበር። አምስቱ ወጣቶች በረጅሙ መጻፋቸው ከዚህ ካርድ ጋር ሲተያይ እንቢታ ይመስለኛል።

ቅር ያለኝ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ወላጆቹ አይሰሙም፤ ልጃቸውን ወደ ኮሌጅም ወደ ግንባርም የሸኙ አባትና እናት በልጆቹ አፍ ብቻ ነው የሚታወቁት። ሁለተኛ፣ ደብዳቤዎቹ በተጻፉበት ቀን ስለተደረደሩ፣ ፖስታው መንገድ ላይ የሚያሳልፋቸው ቀናት ይሰወራሉ። አንባቢ ገጽ ገልብጦ መልሱን ያገኛል፤ ጸሐፊዎቹ ግን መልሱ እስኪደርስ ሰውየው ይኑር አይኑር አያውቁም ነበር። ሮላንድ በታኅሣሥ 23 ቀን 1915 ቆስሎ ሲሞት፣ ቬራ ለገና ፈቃድ ይመጣል ብላ እየጠበቀችው ነበር።

ጄፍሪ በሚያዝያ 1917 ተገደለ፤ ቪክተር ዓይኑን አጥቶ በሰኔ ሞተ፤ ኤድዋርድ በሰኔ 1918 ጣሊያን ውስጥ አዚያጎ አምባ ላይ ወደቀ። የወንድምና እህት ደብዳቤም እዚያ ተቋረጠ። ቬራ በ1919 ሶመርቪል ተመለሰች። ጀምራው የነበረውን ሥነ ጽሑፍ ግን ተወችው፤ ይህ ሁሉ እንዴት ሊመጣ እንደቻለ ማወቅ ፈልጋ ታሪክ ተመዘገበች።